ለግራኝ ጀማሪ የመጀመሪያ ቀስት መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአማርኛ «ቀስት» ስንል አንዳንዴ መሣሪያውን፣ አንዳንዴ የሚወረወረውን ነው። እንዳይምታታ ከዚህ በታች መሣሪያው ቀስት፣ የሚወረወረው ፍላጻ፣ ገመዱ አውታር፣ በእጅ የሚጨበጠው መካከለኛ ክፍል እጀታ፣ ከላይና ከታች የሚለመጡት ሁለቱ ደግሞ ክንፍ ይባላሉ። «ጉልበት» የተባለው አውታሩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ነው፤ የሚለካውም በፓውንድ ነው (1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግድም ነው)።

የግራ ቀስት የሚባለው በግራ እጅ የሚያዘው ነው?

አይደለም። በቀኝ እጅ ተይዞ በግራ እጅ የሚሳበው ነው የግራ ቀስት የሚባለው። ስሙን የሚሰጠው ሳቢው እጅ ነው። «በግራዬ ስለምይዘው የግራ ነው» ብሎ የቀኝ ቀስት ገዝቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ደግሞ የሚለውጥ አይገኝም።

ሲገዙ እንዲህ ይለዩት። ቀስቱን ኢላማ ላይ እንዳነጣጠረ ሰው ያቁሙት፤ አውታሩ ወደ እርስዎ፣ የእጀታው ጀርባ ወደ ፊት። ከመጨበጫው ከፍ ብሎ ፍላጻው የሚያርፍበት የተቦረቦረ ቦታ አለ። ቡርቡሩ በቀኝ በኩል ከሆነ የግራ ቀስት ነው፤ በግራ በኩል ከሆነ የቀኝ። ፎቶ ብቻ አይተው የሚገዙ ከሆነ አውታሩ በየት በኩል እንዳለ መጀመሪያ ይለዩ። ቀስቱ ከፊት ለፊት ከተነሳ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል፤ ሻጩ ራሱ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ክንፉ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ «ኤል ኤች» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ የግራ፣ «አር ኤች» ካሉ የቀኝ ማለት ነው።

ግራኝ ከሆንኩ የግራ ቀስት መግዛት አለብኝ ማለት ነው?

ከእጅ በፊት ዓይን ይታያል። እያንዳንዱ ሰው አንዱ ዓይኑ ከሌላው ይቀድማል፤ አንጎል ሲያነጣጥር የሚያምነው ያንን ነው። ብዙ ግራኞች ግራ ዓይናቸው ይቀድማል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ሲጽፉና ሲበሉ በግራ ሆነው ቀኝ ዓይናቸው የሚቀድም ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ፈተናው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ትንሽ ነገር ይምረጡ፤ የበር ቁልፍ ቀዳዳ ይበቃል። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግተው መዳፎቹን በማነባበር በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይፍጠሩ። ሁለቱም ዓይኖች ተከፍተው ነገሩን በቀዳዳው ውስጥ ይዩት። ከዚያ ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ነገሩ እዚያው ከቆየ ግራ ዓይንዎ ይቀድማል፤ ከቀዳዳው ከጠፋ ቀኙ ነው። አምስት ጊዜ ይደጋግሙት፣ እጅ ሲደክም ውጤቱ ይዋዥቃልና በመሃል ያርፉ።

ግራኝ ሆነው ግራ ዓይንዎ ከቀደመ ጥያቄው አለቀ፤ የግራ ቀስት ይግዙ። ግራኝ ሆነው ቀኝ ዓይንዎ ከቀደመና ቀስት ነክተው የማያውቁ ከሆነ ምክራችን የቀኝ ቀስት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይከብዳል፤ ነገር ግን ሁለቱም እጆች ለዚህ ሥራ አዲስ ስለሆኑ ይለመዳል። ዓይንን መለወጥ ግን እጅ እንደመለወጥ አይቀልም። በዚያ ላይ የቀኝ ቀስት በየትኛውም ገበያ ምርጫው የበዛ ነው። ዓይኑን ችላ ብሎ በእጁ የገዛ ሰው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እየሳተ «ቀስቱ ጠማማ ነው» ሲል ይከርማል።

ለግራኝ ርካሹ አማራጭ የቱ ነው?

ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ተፈታታች ሪከርቭ (የክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት የታጠፈ ቀስት) ነው፦ እጀታው ለብቻው፣ ሁለቱ ክንፎች ለብቻቸው፣ በብሎን የሚገጠሙ። ግራኝን የሚጠቅመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ግራና ቀኝ ያለው እጀታው ብቻ ነው፤ ክንፎቹ ግራም ቀኝም የላቸውም። ስለዚህ አንድ የግራ እጀታ ካገኙ ክንፉን ለቀኞች ከሚሸጠው ሁሉ መርጠው መግጠም ይችላሉ፤ ያገለገለ ክንፍም ይሆናል። በዚህ ዓይነት በዓለም ላይ በጣም ከተለመዱት አንዱ ሳሚክ ሴጅ ነው፤ ርዝመቱ 62 ኢንች፣ በግራም በቀኝም ተሠርቶ፣ ክንፎቹ ከ25 እስከ 60 ፓውንድ በ5 በ5 ልዩነት ይመጣሉ። እሱን መስለው የተሠሩ ርካሽ ቀስቶችም ሞልተዋል። ክፉ አይደሉም፤ ግን የብሎኑ ቀዳዳ ልክ ስለሚለያይ የአንዱ ክንፍ በሌላው እጀታ ላይ ላይገጥም ይችላል። ክንፍ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

ሁለተኛው የፈረሰኛ ቀስት የሚባለው አጭር ቀስት ነው። ቡርቡር የለውም፤ ፍላጻው የሚያርፈው ጨባጩ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ለግራም ለቀኝም አንድ ነው፤ ዓይናቸውን እርግጠኛ ላልሆኑ ወይም ቤት ውስጥ ግራኝና ቀኝ ለሚጋሩት ይመቻል። ጉዳቱ የላባው አገዳ በሚያልፍበት ጊዜ እጅን መቧጨሩ ነው። ጨባጩ እጅ ላይ፣ ለግራኝ ቀኝ እጅ ላይ፣ ስስ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ቀስት ከሁለቱ የምናስቀድመው ተፈታታቹን ነው። ሲፈታ ረጅሙ ክፍል ከ70 ሳንቲሜትር ስለማይበልጥ ጀርባ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ሚኒባስ ላይ የማንንም ዓይን አይስብም።

ስንት ፓውንድ ልግዛ? ለአደን ነው የምፈልገው።

ከሚገመተው ያነሰ። ለአዋቂ ወንድ ጀማሪ ከ25 እስከ 30፣ ለሴትና ለወጣት ከ18 እስከ 25 ፓውንድ። «ወዛደር ነኝ፣ ጉልበት አለኝ» የሚል ሰው 45 ፓውንድ ይገዛል፤ ችግሩ ቀስት የሚሳበው ኩንታል በሚሸከመው ጡንቻ አለመሆኑ ነው። የሚሠራው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያለው ጡንቻ ነው፣ እሱም በዕለት ሥራ ብዙ አይለመድም። ለግራኝ ደግሞ ሳቢው ጎን ግራው ነው።

የከበደ ቀስት ምን ያበላሻል? ሰውየው አገጩ ጋ ሳይደርስ ይለቃል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ጨባጩ ክንዱ ወደ ውስጥ ስለሚጠማዘዝ አውታሩ ክንዱን ይገርፈዋል። ክንዱ አንዴ ከበለዘ በኋላ ገና ሳይለቅ መሸማቀቅ ይጀምራል፣ ይህ ልማድ ደግሞ ለመላቀቅ ወራት ይወስዳል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መሞከሪያው ይህ ነው፦ ቀስቱን እስከ መጨረሻ ስበው ሳይንቀጠቀጡ 10 ሰከንድ ይያዙት፣ ሳይለቁ ቀስ ብለው ይመልሱ። ይህን አምስት ጊዜ መድገም ካቃተዎት ከብዶዎታል።

አደን ግን ሌላ ስሌት ነው። የቀስት አደን በተለመደባቸው አገሮች ለመካከለኛ አጋዘን ዝቅተኛ ተብሎ የሚጠቀሰው 40 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ለትልልቅ እንስሳት ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከ25 ወደ 40 መድረሻው መንገድ ክንፍ መቀየር ነው፦ እጀታው እዚያው ሆኖ፣ በአንድ ቀን 60 ፍላጻ ወርውረው የመጨረሻው እንደ መጀመሪያው ከወጣ በ5 ፓውንድ ይጨምራሉ። አብዛኛው ሰው በሳምንት ከ3 እስከ 4 ቀን ከተለማመደ ከአንድ ዓመት በላይ አይፈልግም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ክንፉ ላይ የተጻፈው ፓውንድ አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ የሚለካ ነው። እርስዎ ከዚያ አጥረው ከሳቡ በየ1 ኢንቹ ከ2 እስከ 2.5 ፓውንድ ይቀንሳል፤ ረዝመው ከሳቡ ይጨምራል።

የመሳቢያ ርዝመቴን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ጀርባዎን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሁለቱን እጆች ወደ ጎን ይዘርጉ፤ ሌላ ሰው ከአንዱ መሃል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ይለካ። ውጤቱን ለ2.5 ያካፍሉ። 172 ሳንቲሜትር ቢሆን 68.8 ሳንቲሜትር ይመጣል፣ ይህም 27 ኢንች ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ «30» የተባለ ክንፍ 28 ያህል ሆኖ ይደርሰዋል። እስከ 28 ኢንች ለሚስብ 62 ኢንች ቀስት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚስብ 66 ወይም 68 ይሻላል። አጭር ቀስትን ብዙ ሲስቡት አውታሩ ጣት ላይ በጠባቡ ስለሚታጠፍ ጣት ይቆነጥጣል።

ኮምፓውንድስ? ባለ መዘውሩ?

ባለ መዘውሩ ቀስት መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይወርዳል፤ 60 ፓውንድ የነበረው እጅ ላይ ከ12 እስከ 18 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አነጣጥሮ መቆየት ይቀላል፣ ለአደንም የተመቸ ነው። በመፍቻ ብቻ ከሕፃን እስከ አዋቂ የሚስተካከሉም አሉ፤ ለምሳሌ ዳይመንድ ኢንፊኒት ኤጅ ፕሮ ከ5 እስከ 70 ፓውንድ፣ ከ13 እስከ 31 ኢንች ይሄዳል፣ በግራም ይሠራል።

እኛ የመጀመሪያ ይሁን የማንለው በጥገናው ምክንያት ነው። አውታሩና ኬብሎቹ ሲበሉ ለመቀየር ክንፎቹን የሚጨምቅ ልዩ ማሽን ያስፈልጋል። ያለ ማሽን በእጅ ለመፍታት የሞከረ ሰው ክንፉ ተፈናጥሮ ሊጎዳው ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት «አውታሩን ማን ይቀይርልኛል?» የሚለውን ይመልሱ። መልስ ከሌለ ሪከርቭ ይግዙ፤ የሪከርቭ አውታር በጆንያ ላይ ተቀምጠው በ5 ደቂቃ ይቀይሩታል።

ከወይራ ወይም ከቀርከሃ ራሴ ብሠራስ?

ለመማር ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ በእጅ የተሠራ ቀስት ደግሞ ግራም ቀኝም አያውቅም። ግን እንጨቱ በጥላ ሥር ወራት ካልደረቀ ይለመጥና እንደተለመጠ ይቀራል። ጀርባው ላይ ያለውን የእንጨቱን ጭረት ቢላ ከቆረጠው እዚያው ላይ ይሰበራል። ጥጥ መንደፊያ ደጋን አይተው «ይኸው» የሚሉም አሉ፤ ያኛው ለመንደፍ እንጂ ለመወርወር የተሠራ አይደለም።

ያገለገለ ቀስት ስገዛ ምን ልፈትሽ?

ቁንጥር ጥጥ ይዘው ይሂዱ። አውታሩ ሳይወጠር ጥጡን በክንፎቹ ጠርዝና ፊት ላይ ቀስ ብለው ያንሸራትቱ። ዓይን ያላየው ስንጥቅ ወይም የተነሳ ፋይበር ካለ ጥጡን ይዞ ያስቀረዋል። ክንፍ ጥጥ ከያዘ አይግዙ፤ ሲሳብ ፊት አጠገብ የሚሰበር ነገር ነው።

ከዚያ ቀስቱን አስወጥረው ከአንዱ ጫፍ በአውታሩ መስመር ይመልከቱ። አውታሩ የሁለቱን ክንፎች መሃል ከፍሎ መሄድ አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ክንፉ ተጠማዟል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ባለቤቱ ቀስቱን በእግሩ መሃል አስገብቶ ይወጥረው ስለነበረ ነው። የክንፎቹን ጫፍም ይዩ፤ በአሮጌ ክንፍ ላይ የማይለጠጥ ዘመናዊ አውታር ከታሰረበት ጫፉ ተሰንጥቆ ይገኛል። ለአሮጌ ክንፍ ዳክሮን የተባለው ትንሽ የሚለጠጠው አውታር ነው የሚሆነው። በ62 ኢንች ሪከርቭ ላይ የሚታሰረው አውታር 58 ኢንች ግድም ነው፤ ከቀስቱ ርዝመት 4 መቀነስ ነው።

ነጭ የተሰነጣጠቀ መስመር በክንፉ ላይ፣ በተለይ እጀታው አጠገብ፣ ከታየም ይተዉት።

ፍላጻስ? ሁሉም አንድ አይደለም?

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቀስቱ ጥሩ ሆኖ ፍላጻው ካልተስማማው ምንም አይረዳም። ፍላጻ ሲለቀቅ በቀጥታ አይሄድም፤ እንደ ዓሣ እየተጠማዘዘ እጀታውን ይዞራል። የሚጠማዘዝበት ልክ ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። ልኩ ፍላጻው ላይ በቁጥር ይጻፋል፦ 500፣ 600፣ 700 እያለ። ቁጥሩ የሚገኘው ፍላጻውን 71 ሳንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ መሃሉ ላይ 880 ግራም በማንጠልጠል ነው። መሃሉ ግማሽ ኢንች ከወረደ 500 ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ግትር ነው።

በእጅዎ ላይ ለሚደርሰው ጉልበት መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ 25 ፓውንድ ለሆነ 800፣ ለ30 ደግሞ 700፣ ለ35 ከሆነ 600፣ ለ40 ደግሞ ከ500 እስከ 600። ፍላጻው በረዘመ ቁጥር የበለጠ ይለመጣል፤ ስለዚህ ከመሳቢያ ርዝመትዎ በ2 ኢንች ረዘም ያለ ገዝተው ኋላ ይቁረጡት። የካርቦን ፍላጻ በብረት መጋዝ አይቆረጥም፣ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ዲስክ ባለው የኤሌክትሪክ ማሽን ይቆረጣል፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል።

ክብደትም አለ። ለየ1 ፓውንዱ ቢያንስ ግማሽ ግራም ያህል የፍላጻ ክብደት ይመከራል፤ ለ30 ፓውንድ ቀስት ጫፉና ላባው ሳይቀር 15 ግራም ያህል ማለት ነው። በጣም የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ባዶ እንደመልቀቅ ይጎዳዋል። የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው ጋ ከሄዱ በሴኮንድ ይለካል። ላባ ያለው እንጂ የፕላስቲክ ቅጠል ያለው አይግዙ፤ ፕላስቲኩ ቡርቡሩ ላይ ሲነካ ፍላጻውን ያነጥረዋል። ከላባዎቹ ቀለሙ የተለየው አንዱ፣ ለግራኝ ወደ ቀኝ፣ ከእጀታው ውጪ፣ መዞር አለበት።

ስድስት ፍላጻ ይበቃል፤ በጀት ካለ 8።

ከቀስቱ ሌላ ምን ልግዛ?

ከገንዘብዎ ሩብ ወይም ሲሦ ለእነዚህ ይተዉ። የክንድ መከላከያ በቀኝ ክንድ፣ አውታር ሳቢ ጣቶችን የሚከላከል የጣት ቆዳ በግራ እጅ። የጣት ቆዳ የግራና የቀኝ ስላለው «ለግራ» ብለው ይጠይቁ፤ ካጣ ጫማ ሰፊ ከወፍራም ቆዳ በ3 ጣት ስፋት ይቆርጥልዎታል። ከዚያ የመወጠሪያ ገመድና አንድ ትርፍ አውታር። ከፍላጻ ጫፍ ደግሞ ለልምምድ የሚሆነው ስለት የሌለው ሾጣጣ ነው፤ ስለት ያለው ገና አይገዛም።

አውታሩን እንዴት ልወጥር?

በመወጠሪያው ገመድ ብቻ። አውታሩን በላይኛው ክንፍ ጫፍ ላይ አስገብተው ወደ ታች ያንሸራቱ፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ይሰኩት። የመወጠሪያውን ገመድ በሁለቱ ጫፎች አጥልቀው፣ መሃሉን በእግር ረግጠው እጀታውን ወደ ላይ ይጎትቱ። ክንፎቹ ሲለመጡ አውታሩ በላይኛው ጫፍ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ጫፎች በቦታቸው መግባታቸውን ሳያዩ አይሳቡ። ከአውታሩ እስከ እጀታው ጥልቅ ክፍል ያለው ርቀት ለ62 ኢንች ሪከርቭ ከ19 እስከ 21 ሳንቲሜትር ይሁን። ካነሰ አውታሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠማዙት፣ ያጥራል። ካነሰ ቀስቱ ይጮሃል፣ አውታሩም ክንድ ይገርፋል።

ፍላጻ ሳይኖርበት አይልቀቁት። ጉልበቱ የሚሄድበት ነገር ስለማያገኝ ወደ ክንፎቹ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሊበቃቸው ይችላል። ይህን የሚያደርገው ባለቤቱ ብዙ አይደለም፤ «እስቲ አሳየኝ» ብሎ የመጣው ጓደኛ ነው ስቦ ዷ የሚያደርገው። እንግዳ ሲመጣ ቀስቱ ተፈትቶ ይቀመጥ።

ከከተማ ወጣ ብዬ የት ልለማመድ? ኢላማውንስ ከምን ልሥራ?

በሱሉልታ ሜዳ ላይ ወይም ሰንዳፋ መውጫ ላይ ባዶ የመሰለ መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ከገበሬው ወይም ከግቢው ባለቤት ፈቃድ፣ ከአካባቢው አስተዳደር ደግሞ ዕውቅና መያዝ ነገሩን ያቀላል። ከኢላማው ጀርባ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ዳገት ይፈልጉ። የቆርቆሮ አጥር መከላከያ አይደለም፤ ብሎኬት ደግሞ ፍላጻውን ሰብሮ ወደ እርስዎ ይመልሰዋል። የ30 ፓውንድ ቀስት እንኳ ወደ ላይ ከተለቀቀ ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። እረኛ፣ በግ ወይም የምንጭ መንገድ ካለ ቦታው አይሆንም።

ኢላማው ለብር አይደለም። አንድ የኩንታል ማዳበሪያ ውሰዱ። አሮጌ ልብስ፣ ፌስታልና የተጣለ የእቃ መጠቅለያ ፕላስቲክ አጥብቀው ይጠቅጥቁበት፤ ዚፕና ቁልፍ አስቀድሞ ይወጣ፣ ፍላጻውን ያጣምማል። እየረገጡ ካልጠቀጠቁት ፍላጻው አልፎ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ መሆን አለበት። ጭድ ብቻውን አይሆንም፣ ክፍተቱ ብዙ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይሻግታል። ሌላው ጥሩ አማራጭ ካርቶን ነው፦ 60 በ40 ሳንቲሜትር እየቆረጡ ይደራርቡት፣ ክምሩ 60 ሳንቲሜትር ሲደርስ ከላይና ከታች ጣውላ አድርገው በሽቦ ያስሩት። የካርቶኑ ጠርዝ ወደ እርስዎ ይዞር፣ 40ው ሳንቲሜትር ጥልቀቱ ይሁን። ሲላላ ሽቦውን እንደገና ያጥብቁ።

የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት 5 ሜትር ብቻ ይራቁ። ኢላማ ላይ ነጥብ አያድርጉ፤ እጅና ጀርባ ምን እንደሚሠሩ መሰማት ነው ዓላማው። ከዚያ 10፣ ከዚያ 18 ሜትር። በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ፍላጻ ይበቃል። ፍላጻ ሲነቅሉ ከኢላማው ፊት ቀርበው ይያዙት፣ ከጀርባዎ ሰው አይቁም። ካርቦኑን ከመልሶ መወርወር በፊት ለመጥ አድርገው ያዳምጡ፤ ጠቅ ጠቅ ካለ ይጣል፣ እጅ ላይ ቢሰነጠቅ ስንጣሪው ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ፍላጻዎቼ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳሉ። ምን ይሁን?

መጀመሪያ ዓይንዎን እንደገና ይፈትኑ። ያ ደህና ከሆነ ግትርነቱን ይዩ፣ እዚህ ላይ ግራኝ ይጠንቀቅ፦ አብዛኛው ማብራሪያ የተጻፈው ለቀኞች ስለሆነ ተገልብጦ ይነበብ። ለግራኝ፣ በጣም ግትር ፍላጻ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በጣም የሚለመጥ ወደ ግራ። ግትሩን ለማላላት ከፊት የከበደ ጫፍ ያድርጉ፤ የሚለመጠውን ለማጠንከር ደግሞ ፍላጻውን በግማሽ ኢንች በግማሽ ኢንች ያሳጥሩ። ይህ የሚለየው ግን ፍላጻዎቹ ተቀራርበው ሲያርፉ ነው። ተበታትነው ከሆነ ጥፋቱ የአለቃቀቅ ነው፣ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

በአካባቢዬ ሚዳቋና ድኩላ አየዋለሁ። ማደን እችላለሁ?

ያለ ፈቃድ አይችሉም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አደንን በፈቃድ የሚገዛ ነው፤ ፈቃዱን በሚመለከት የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። መሣሪያው ድምፅ የሌለው ቀስት መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ማደን ክልክል ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ የምኒልክ ድኩላም ይኖርበታል፣ ግን ማደኛ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጥባቸው ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች በአብዛኛው ከከተማው ርቀው ያሉ ናቸው። ስለዚህ ፈቃዱን፣ የተፈቀደውን የእንስሳ ዓይነትና የሚፈቀደውን መሣሪያ በጽሑፍ ሳያገኙ ስለታም ጫፍ አይግዙ።

ፈቃድ ቢኖርም ብቃት ይቀድማል። በ18 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሰሃን ውስጥ ከ6 ፍላጻ 6ቱ ካልገቡ፣ እንስሳውን ማቁሰል እንጂ ማደን አይሆንም።

ዘመዴ ከውጭ ቢያመጣልኝ ችግር አለው?

ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ፣ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢያገኙ ይሻላል። አየር መንገድ ላይ ቀስትም ፍላጻም በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የሚጫነው በሚረከቡት ሻንጣ ውስጥ ነው። ፍላጻዎቹ ጫፋቸው ተፈትቶ በካርቶን ቱቦ ይግቡ። ዘመድዎን «የግራ» ብቻ አይበሉት፤ «በቀኝ የሚያዝ፣ በግራ የሚሳብ፣ 62 ኢንች፣ 25 ወይም 30 ፓውንድ» ብለው ይላኩለት። ደረሰኙን ይያዙ፣ ኬላ ላይ ቢጠየቁ ይጠቅማል።

ክረምትና በጋ እንዴት ላስቀምጠው?

አውታሩን ፈትተው፣ ጋደም አድርገው ወይም በሁለት ምስማር ላይ አግድም። በአንድ ጫፉ አያቁሙት፣ ክንፉ ይጠማዘዛል። በበጋ ቀን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ሙቀቱ ክንፉ የተለበደበትን ሙጫ ያላላዋል። በሰኔና በነሐሴ መካከል ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንጠባጥብበት ጥግ አያስቀምጡ፤ ላባው ከራሰ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ትንሽ ቢይዙት ይነሳል። አውታሩን በንብ ሰም በየሁለት ሳምንቱ ያሹት፣ በጣት ሙቀት እስኪገባ።